የፈረስ ጉልበትና ዋት፦ የኃይል ልኬት ታሪክ

በሞተር ጎን የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ሳያነብ ሥራ የሚጀምር መሐንዲስ አይኖርም። በሰሌዳዋ ላይ ከሰፈሩት ቁጥሮች አንዱ የኃይል መጠን ነው። ይህን ቁጥር በየዕለቱ ብንጠቀምበትም የተወለደው በንግድ ውል መካከል መሆኑን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን።

በተለመደው አነጋገር ኃይልና ጉልበት ተወራራሽ ቃላት ናቸው። እዚህ ላይ ግን ኃይል የምንለው በአንድ የተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚከናወነውን የሥራ መጠን ነው። አንድ ኩንታል እህል ወደ ፎቅ ያወጡ ሁለት ሰዎች የሠሩት ሥራ እኩል ነው፤ በግማሽ ጊዜ ያደረሰው ግን እጥፍ ኃይል አውጥቷል።

ጄምስ ዋት የተሻሻለውን የእንፋሎት ሞተር የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1769 ነው። ከ1775 ጀምሮ ከማቲው ቦልተን ጋር በሽርክና ሲሠራ የኮርንዎል ማዕድን ባለቤቶች የሚከፍሉት፣ ከቀድሞው የኒውኮመን ሞተር ጋር ሲነጻጸር ከሚተርፈው የድንጋይ ከሰል ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ነበር። ለዚህም የሞተሩን ምት የሚቆጥር መሣሪያ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይገጠም ነበር። ቁልፉ እንደሚያመለክተው በገዥና በሻጭ መካከል መተማመን አልነበረም።

በ1780ዎቹ ሞተሩ መዘውር ማሽከርከር ሲጀምር ግን ይህ ውል ዋጋ አጣ። በወፍጮና በቢራ ጠመቃ ቤቶች የሚነጻጸር አሮጌ ሞተር አልነበረም፤ የነበሩት ፈረሶች ናቸው። ገዥው የሚጠይቀውም «ስንት ፈረስ ይተካልኛል?» ብሎ ነው። በተለምዶ የሚጠቀሰው የዋት ስሌት እንዲህ ነው፤ ፈረሱ ባለ 12 ጫማ ሬዲየስ ክብ በሰዓት 144 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም በደቂቃ 181 ጫማ ያህል ነው። የሚጎትተው በ180 ፓውንድ ጉልበት ነው ቢባል፣ ብዜቱ 32,600 ጫማ-ፓውንድ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ወደ 33,000 ተጠጋጋ። ክፍያውም በዚሁ ልክ፣ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በዓመት 5 ፓውንድ ስተርሊንግ፣ ለንደን ውስጥ 6 ሆነ።

ይህን ያህል ኃይል ቀኑን ሙሉ የሚያወጣ ተራ ፈረስ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አሥር ፈረሶችን በአሥር የፈረስ ጉልበት ሞተር የተካ ሰው ከጠበቀው በላይ አገኘ። ይህ ከልግስና ይልቅ ብልህነት ይመስለኛል። በአንጻሩ ጠንካራ ፈረስ ለጥቂት ሴኮንዶች ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ሊያወጣ ይችላል። እንግዲህ «ስንት ኃይል?» የሚለው ጥያቄ «ለምን ያህል ጊዜ?» የሚለውን ካላስከተለ ምንም አልተጠየቀም ማለት ነው።

«የት ላይ ተለካ?» የሚለውም እንደዚሁ። ዋትና ረዳቱ ጆን ሳውዘርን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የእንፋሎት ግፊት በወረቀት ላይ የሚሥል መሣሪያ ሠርተው ለብዙ ዓመታት ምስጢሩን ጠበቁ። ፈረንሳዊው ጋስፓር ደ ፕሮኒ ደግሞ በ1821 ዘንጉን በፍሬን በማነቅ ለሥራ የሚተርፈውን ኃይል ለካ። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ሰበቃ የበላው ድርሻ አለ፤ ሻጭ የትኛውን ቁጥር መጥቀስ እንደሚወድ መገመት አያዳግትም። የእኛም ደጋ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ኃይል እዚህ አይሰጥም። በርክክብ ሰነድ ላይ የሚፈርም መሐንዲስ ይህን ሳያሰላ ቢፈርም ጉድለቱን የሚከፍለው ገዥው ነው።

የፈረሱም መጠን ከአገር አገር ይለያይ ነበር፤ የእንግሊዙ 745.7፣ የሜትሪኩ 735.5 ዋት ነው። ዋት የሚለውን መጠሪያ ያቀረበው ዊልያም ሲመንስ ሲሆን ጊዜው 1882፣ ማለትም ጄምስ ዋት ከሞተ ከ63 ዓመት በኋላ ነበር። አንድ ዋት በሴኮንድ አንድ ጁል፣ በኤሌክትሪክም በኩል የአንድ ቮልትና የአንድ አምፔር ብዜት ነው። በ1975 ብራያን ኪብል ያቀደው ሚዛን የተመሠረተው በዚሁ እኩልነት ላይ ነው፤ መካኒካዊውን ኃይል ከኤሌክትሪኩ ጋር ያስተያያል። ከ2019 ጀምሮ ኪሎግራም በፕላንክ ቋሚ ቁጥር ሲተረጎም ክብደትን ከዚያ ቁጥር ጋር ከሚያገናኙት ዘዴዎች አንዱ ይህ ሚዛን ሆኗል። እስከ 2016 ድረስ ይጠራ የነበረው «የዋት ሚዛን» ተብሎ ነው።