ስሟን ያስጣሏት የስደተኞች መንደር

የጀርመኑ ቄሣር ቪልሄልም ዳግማዊ ልደት በሚከበርበት ዕለት፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1912፣ ከበርሊን በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለች አንዲት ትልቅ ከተማ ስሟን ቀየረች። ከ230 ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባት ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠራችበት ሪክስዶርፍ የሚለው ስም ከመዝገብ ተፋቀና ኖይኮልን ተባለች። ወራሪ ጦር አልገባባትም፤ መንግሥትም አልተገለበጠም። የገዛ ሹማምንቷ በስሟ አፍረውባት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ኖይኮልን ከበርሊን ክፍላተ ከተሞች አንዱ ነው። የቱርክ ዳቦ ቤቱ፣ የአረብ ጣፋጭ መሸጫው፣ የስልክ ጥገናው በየመንገዱ ተደርድሯል። ከካርል ማርክስ ጎዳና ግርግር ወጣ ብሎ በጠባቡ መንገድ ወደ ሪሻርድ አደባባይ የሚዘልቅ ሰው ግን በድንገት ገጠር ይገባል። የድንጋይ ንጣፍ፣ የቆየ የአንጥረኛ ቤት፣ ባለ ጎተራ ግቢ፣ ከመካከለኛው ዘመን ማብቂያ የተረፈች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ሪክስዶርፍ ይህች ናት።

መንደሯን የቆረቆሯት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉት መነኮሳት ወታደሮች ናቸው። በጁን 1360 በተጻፈ ሰነድ የእርሻ ግቢያቸውን ወደ መንደርነት ለወጡና ሪሻርድስዶርፍ አሏት፤ ይህ ስም በኋላ ሪክስዶርፍ ወደሚለው ተለወጠ። በ1435 ለሁለቱ መንትያ ከተሞች፣ ለበርሊንና ለኮልን፣ ሸጧት። (ይህቺ ኮልን በራይን ወንዝ ዳር ካለችው ታዋቂ ከተማ ጋር አንድ አይደለችም፤ ከበርሊን ማዶ በሽፕሬ ወንዝ ደሴት ላይ የነበረች ከተማ ናት።) ከ1543 ጀምሮ ደግሞ ኮልን ብቻዋን ባለ ርስት ሆነች። ይህን ልብ ይሏል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እስከ 1737 ድረስ የሪክስዶርፍ ታሪክ በበርሊን ዙሪያ ባለው በብራንደንቡርግ ምድር ያለች የማንኛዋም መንደር ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት የመጡት እንግዶች ግን ከሌሎቹ መንደሮች ሁሉ ለዩዋት።

እንግዶቹ ከዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ከቦሄሚያ፣ ሃይማኖታቸውን ይዘው የሸሹ ገበሬዎችና ሸማኔዎች ነበሩ። የነገሩ ሥር የሚጀምረው ከያን ሁስ ነው። የፕራጉ ሰባኪ ሁስ በጁላይ 1415 በኮንስታንስ ከተማ በእሳት ተቃጥሎ ሲሞት ተከታዮቹ አንድ ጥያቄ አንግበው ተነሡ። በዚያ ዘመን በሮም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመኑ ሥጋውን ብቻ ይቀበል ነበር፤ ጽዋው የካህኑ ነበር። ሁሳውያን ሥጋውም ደሙም ለምእመን ሁሉ ይሰጥ አሉ። ሥጋ ወደሙን አንድ ላይ ሲቀበል ለኖረ ኢትዮጵያዊ ምእመን ይህ ጥያቄ መሆኑ ራሱ ይደንቀው ይሆናል። በቦሄሚያ ግን ጦር አማዘዘ፤ ጽዋም የንቅናቄው ምልክት ሆነ።

በኖቬምበር 1620 የቦሄሚያ ፕሮቴስታንቶች ከፕራግ አጠገብ በነጭ ተራራ ጦርነት በካቶሊኮቹ የሐፕስቡርግ ነገሥታት ድል ተመቱ። በተከታዩ ዓመት ጁን ላይ 27 መሪዎቻቸው በፕራግ አደባባይ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ካቶሊክ መሆን ወይም አገር መልቀቅ ግድ ሆነ። ትልቁ የትምህርት ፈላስፋ ያን አሞስ ኮሜኒየስ ከተሰደዱት አንዱ ነው፤ ዳግመኛ አገሩን ሳያይ በ1670 አምስተርዳም ውስጥ አረፈ። ተራው ገበሬ በአብዛኛው ቀረ፤ መጽሐፉን ደብቆ፣ በሌሊት ተሰብስቦ እየጸለየ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። መሄድ የቻለውም ንብረቱን ጥሎ በጨለማ ድንበር ይሻገር ነበር። ወደ ሪክስዶርፍ የመጡት መጀመሪያ ሳክሶኒ ውስጥ ተጠልለው ከቆዩ በኋላ ፊታቸውን በርሊን ዋና ከተማዋ ወደ ሆነችው ፕሩሲያ ያዞሩት ናቸው።

የተቀበላቸው ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ቀዳማዊ ነው። ደግነቱን መካድ አይገባም፤ ሒሳቡንም እንዲሁ። በጦርነትና በወረርሽኝ ሰው ለጎደለባት አገሩ እጀ ብርቱና ታዛዥ ሕዝብ ይፈልግ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ከዛልትስቡርግ የተባረሩ 20 ሺህ ያህል ፕሮቴስታንቶችን ተቀብሎ አብዛኞቹን በምሥራቅ ፕሩሲያ አስፍሯል። ለቦሄሚያውያኑ ደግሞ በሪክስዶርፍ መሬት ገዛና ለ18 ቤተ ሰቦች 9 መንትያ ቤቶች ከነጎተራቸው አሠራላቸው። በዚህ መልክ ከአሮጌዋ መንደር ጎን ሌላ መንደር በቀለች፤ አንዷ ጀርመን ሪክስዶርፍ፣ ሌላዋ ቦሄሚያ ሪክስዶርፍ ተባሉ። ጎረቤታሞቹ በቋንቋም በአምልኮም ይለያዩ ነበር፤ እያንዳንዷ መንደርም የየራሷን አስተዳደር ይዛ እስከ 1874 ዘለቀች።

ስደተኞቹ እርስ በርሳቸውም አንድ አልነበሩም። ቀስ በቀስ በሦስት ጉባኤ ተከፈሉ፤ ሉተራውያን፣ ተሐድሶዎች (የካልቪን ተከታዮች) እና ሄርንሁቶች የሚባሉት የወንድማማቾች ማኅበር። በ1751 የተከፈተው መካነ መቃብራቸው እንኳ ለሦስቱ ተከፍሎ ነው የኖረው፤ በቼክ ቋንቋ የተጻፉ የመቃብር ድንጋዮች ዛሬም ይታዩበታል። በ1753 የተሠራው ትምህርት ቤታቸው ደግሞ ከጣሪያው ሥር ባለው ግድግዳ ላይ የጽዋ ምልክት አለው።

የሄርንሁቶቹ ማኅበር ስም ከእኛም አገር ታሪክ ጫፍ ጋር ይነካካል። ማኅበሩ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሆከር የተባለ ሐኪም በ1752 ወደ ካይሮ ላከ፤ የጉዞው ግብ ሐበሻ ነበር። ሆከር ከጓደኛው ጋር ጉዞ ቢጀምርም መርከባቸው በቀይ ባሕር ተሰበረና ኢትዮጵያን ሳያዩ ቀሩ። ከማኅበሩ ሰዎች ሌላው፣ ጆን አንተስ፣ ካይሮ ሳለ ከጎንደር የሚመለሰውን ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስን አግኝቶታል። መልእክተኞቹ ከሪክስዶርፍ የተነሡ አይደሉም፤ የላካቸው ግን የሪክስዶርፎቹ ሦስተኛ ጉባኤ የታቀፈበት ያው ማኅበር ነው።

በ1849 የደረሰ ቃጠሎ ብዙ ቤት ፈጀ። መንደሯን ከመሠረቱ የቀየራት ግን የበርሊን ፋብሪካ ነው። ሁለቱ ሪክስዶርፎች በጃንዋሪ 1874 ሲዋሐዱ 8 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራቸው። ከዚያ ወዲያ የኪራይ ሕንፃ በሕንፃ ላይ ተደራረበ። የበርሊን ኪራይ ያልቻለ ሠራተኛ ሁሉ ወደዚህ ጎረፈ፤ ብርሃን በማይገባቸው ውስጠኛ ግቢዎችም ቤተ ሰብ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ኖረ። በ1899 የከተማነት ማዕረግ እስክታገኝ ድረስ የፕሩሲያ ትልቋ መንደር ትባል ነበር፤ በዚያ ጊዜ ሕዝቧ 90 ሺህ ገደማ ደርሷል።

ሳምንቱን ሙሉ የለፋ ሰው እሑድ ሲደርስ መዝናኛ ይፈልጋል። ሪክስዶርፍም የቢራ አዳራሽና የጭፈራ ቤት ሞላባት፤ በርሊኖች ይጎርፉባት ጀመር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ስለ ሪክስዶርፍ ጭፈራ የተዘፈነ ፖልካ በየመንገዱ ስሟን አስጠራ። ሹማምንቱ የከፋቸው ይህ ነበር። ጥሩ ግብር የሚከፍል ባለ ሀብት ስሟን ሲሰማ ስካርና ጠብ ብቻ ይታየዋል ብለው ሰጉ። መፍትሔ ያሉትም ስሙን መለወጥ ሆነ፤ ተፈቀደላቸውም።

የመረጡት ስም ትርጉሙ «አዲሲቱ ኮልን» ነው። በከተማይቱ ሰሜን ያሉ ሰፈሮች አስቀድመው በዚህ ስም ይጠሩ ስለነበር ከዚያ ወሰዱት። ያም ሆኖ ኮልን የቀድሞዋ ባለ ርስት ናት። አንዲት መንደር ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖራ የራሷን ስም ጥላ የጌታዋን ስም መልበሷ ለእኔ የሚያሳዝን ነገር ነው። የድህነቱ ምንጭ የጠበበ ቤትና የቀጠነ ደመወዝ እንጂ ስም አልነበረም፤ ስሙ ሲለወጥ አንድም ክፍል አልሰፋም። ምንም ያላጠፋው ስም ግን የእነዚያን 18 ቤተ ሰቦች ስደት ያስታውስ ነበር።

በዚያው በ1912 የስደተኞቹ የልጅ ልጆች በቀድሞ መንደራቸው ለፍሪድሪሽ ቪልሄልም ቀዳማዊ ሐውልት አቆሙ። አያቶቻቸው የተቀበሉትን ውለታ ከ175 ዓመት በኋላ በነሐስ ጻፉት። ሹማምንቱ ለመርሳት የቸኮሉትን እነርሱ ሊያስታውሱ ተነሡ።

የኖይኮልን ከተማነትም ዕድሜው አጭር ሆነ። በኦክቶበር 1 ቀን 1920 ታላቋ በርሊን ስትመሠረት በዙሪያዋ ያሉ 7 ከተሞች፣ 59 የገጠር አስተዳደሮችና 27 የባላባት ይዞታዎች ተጠቃለሉባት፤ ኖይኮልንም ከከተሞቹ አንዷ ነበረች። ከመንደርነት ወጥታ በራሷ ከተማ ሆና የቆየችው 21 ዓመት ብቻ ነው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ የሄርንሁቶቹን የጸሎት አዳራሽ ቢያፈርስም የመንደሩ ቅርጽ አልጠፋም፤ ጠባቦቹ ረጃጅም ቦታዎች እንደተሰፈሩ ናቸው። ከስደተኞቹ የተወለዱ ጥቂት ቤተ ሰቦችም እስካሁን በዚያው ይኖራሉ። በ1992 የኮሜኒየስ ሐውልት እዚህ ሲቆም መርቆ የገለጠው የፕራግ ጸደይ የሚባለው የቼኮስሎቫኪያ የለውጥ ንቅናቄ መሪ የነበረው አሌክሳንደር ዱብቼክ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በኮሜኒየስ ስም የተሰየመ የአትክልት ስፍራ በሪሻርድ ጎዳና ተከፈተ፤ የጽዋ ምልክት ባለው በአሮጌው ትምህርት ቤት ውስጥም ስለ ቦሄሚያዋ መንደር የሚተርክ ትንሽ ሙዚየም አለ።