ለከርነል የተጻፈ የሃርድዌር መግለጫ፦ ከኦፕን ፈርምዌር እስከ ዲቫይስ ትሪ



ከጭሮ ተነሥቶ ገለምሶ መናኸሪያ የወረደ እንግዳ የሚፈልገውን ቤት ለማግኘት ሰው ይጠይቃል፤ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብዙም አይረዱትም። የኦፕሬቲንግ ሲስተም ከርነልም በማያውቀው ቦርድ ላይ ሲነቃ እንደዚያ እንግዳ ነው፤ ልዩነቱ የሚጠይቀው ሰው አለመኖሩ ነው። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ስላለፈበት ታሪክ ነው።

በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ችግሩ ይቀልላል። በፒሲአይ መስመር ላይ የተሰካ ካርድ ሲጠየቅ አምራቹንና ዓይነቱን በቁጥር ይመልሳል፤ የቀረውን ፈርምዌሩ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ኤሲፒአይ በተባለ ደንብ ለከርነሉ ያስረዳል። በስልክ፣ በቴሌቪዥን መቀበያና በኢንተርኔት ራውተር ውስጥ ያሉት ፕሮሰሰሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ የላቸውም። ሰዓት ቆጣሪው፣ ሴሪያል ፖርቱና የኢንተራፕት መቆጣጠሪያው እያንዳንዳቸው በተወሰነ የሜሞሪ አድራሻ ተቀምጠዋል፤ አድራሻውን አስቀድሞ ላላወቀ ግን «እዚህ ነኝ» አይሉም። በግምት የተሳሳተ አድራሻ የሚነካ ከርነል ማሽኑን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል።

መፍትሔው የተጀመረው ለትንንሽ ቦርዶች ታስቦ አልነበረም። ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ሚች ብራድሊ በፎርዝ ቋንቋ የሠራው ኦፕንቡት የማሽኑን ክፍሎች እንደ ዛፍ ያደራጅ ነበር፦ ከግንዱ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አድራሻውን፣ የኢንተራፕት ቁጥሩንና የሚስማማውን ድራይቨር የሚጠቁም ስም ይይዛል። ይህ አሠራር በ1994 አይ ትሪፕል ኢ 1275 በሚል ቁጥር ደረጃ ሆኖ ጸደቀ፤ መጠሪያውም ኦፕን ፈርምዌር ሆነ። በ2005 ደግሞ የሊኑክስ ፓወርፒሲ አዘጋጆች፣ በተለይም ቤንጃሚን ሄረንሽሚት፣ ዛፉን ከፎርዙ ለዩት። ዛፉ በአንድ ትንሽ ፋይል ታጥፎ በቡት ሎደር እጅ ለከርነሉ ይሰጥ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ቦርዱ ሙሉ ፈርምዌር ባይኖረውም መግለጫ ሊኖረው ቻለ። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ወሳኙ እርምጃ ይህ ነው።

አርም የተባለው የፕሮሰሰር ቤተሰብ ግን በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። ለየቦርዱ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፋይል ከከርነሉ ጋር ይጠናቀራል፤ ቡት ሎደሩም የቦርዱን መለያ ቁጥር ያቀብላል። ለጭሮ አንድ፣ ለሂርና ሌላ፣ ለበዴሳ ሌላ ሾፌር እንደ ማሠልጠን ነው፤ ማንኛቸውም ከከተማቸው ውጭ አይነዱም። ፋይሉ እየበዛ ሄዶ በ2011 መጋቢት ሊኑስ ቶርቫልድስ ምሬቱን በአደባባይ ገለጸ። በግራንት ላይክሊና በሌሎች ጥረት አርምም ወደ ዲቫይስ ትሪ ዞረ፤ በ2012 መጨረሻ የወጣው ሊኑክስ 3.7 አንድ የተጠናቀረ ከርነል ብዙ ዓይነት የአርም ቦርዶችን እንዲያስነሣ አስቻለ።

ይህ ታሪክ ወደ አገራችንም ገብቶ ነበር፤ ያስተዋለው ግን ጥቂት ይመስለኛል። ከ2008 ገደማ ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደለው አረንጓዴና ነጭ ኤክስኦ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ የኤክስ86 ወገን ሆኖ ሳለ የሚነሣው በተለመደው ባዮስ ሳይሆን በኦፕን ፈርምዌር ነበር፤ ያዘጋጀውም ያው ሚች ብራድሊ ነው። በወቅቱ ክርክሩ ስለ ዋጋውና ስለ ማስተማር ዘዴው ነበር። በእኔ አስተያየት ለኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎቻችን ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ፈርምዌሩ ነበር፤ የማሽኑ ሙሉ መግለጫ ሕፃናት በያዙት ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ ነበርና።

ነገሩ ዛሬም ይመለከተናል። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ ከሚኤሶ እስከ ገለምሶ፣ የምንገዛቸውን ዕቃዎች ቦርድ የሚነድፈው ሌላ ሰው ነው። የቦርዱ መግለጫ በይፋ ካልወጣ ዕቃው ከመጀመሪያው ከርነል ጋር ታስሮ ይቀራል፤ የጸጥታ ማሻሻያው ሲቋረጥ ሃርድዌሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዕድሜው ያበቃል። ዲቫይስ ትሪም ይህን በሙሉ አልፈታውም። ከማንኛውም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነጻ የሆነ መግለጫ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ በተግባር ግን አብዛኞቹ መግለጫዎች የሚኖሩት በሊኑክስ ምንጭ ኮድ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም አብረውት ይለዋወጣሉ፤ የቆየ መግለጫ ከአዲስ ከርነል ጋር የማይስማማበት ጊዜ አለ።

ሆኖም ከቀድሞው የቦርድ ፋይል የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የተጠናቀረው ዛፍ ዲቲሲ በተባለው ነጻ መሣሪያ ተመልሶ የሚነበብ ጽሑፍ ይሆናል። ጸሐፊው የተዋቸው ማስታወሻዎች ጠፍተዋል፤ አድራሻዎቹ፣ የኢንተራፕት ቁጥሮቹና የድራይቨር ስሞቹ ግን አሉ። በዚህች ከተማ ስልክ የሚጠግኑ ወጣቶች ቺፑን በዓይናቸው ለይተው ያውቁታል፤ ተማሪዎቻችን ደግሞ ጽሑፉን ማንበብ ይችላሉ። የቀረው ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ ቦርዱን ከመግለጫው ጋር ማመሳከር ነው።