ሕሊናና የሠራተኛ ዋጋ

ሰው ሃይማኖቱ የሚከለክለውን ሥራ በገዛ እጁ አልሠራም ቢል ነገሩ ግልጥ ነው። ለሠራተኛው በከፈለው ዋጋ ሌላው ስለሚያደርገው ነገር በደለኛ እሆናለሁ ያለ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ምርመራን ይሻል። የዚህ ክርክር ሰሙ ገንዘብ ነው፤ ወርቁ ግን ሕሊና ነው።

ክርክሩ ጎልቶ የተሰማው በአሜሪቃ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. በወጣው የጤና መድን ሕግ መነሻ፥ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው በሚገቡት መድን የፅንስ መከላከያ እንዲጨመር ታዘዘ። ሆቢ ሎቢ የተባለው የንግድ ማኅበር ባለቤቶች ከ20ው ዐይነት 4ቱ የተፀነሰውን ያጠፋሉ ብለው ስላመኑ ተቃወሙ፤ በ2014 ዓ.ም. የበላዩ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው።

በኢትዮጵያ ግን ታሪኩ በሌላ ጎዳና ሄዷል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የፅንስ መከላከያን በአደባባይ ማስታወቅን ይቀጣ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ ይህን የመሰለው ክልከላ እንዲነሣ አሳሰበ፤ ከ100 ባለትዳር ሴቶች 4 ብቻ የነበሩትን ተጠቃሚዎች በአውሮፓ አቈጣጠር እስከ 2015 ዓ.ም. 44 ለማድረስም ዐቀደ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 299 የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት ይህን አገልግሎት እንዳይከለክል አዘዘ። እንግዲህ በ57 ዓመት ውስጥ አስታዋቂውን ይቀጣ የነበረው ሕግ ተመልሶ አልሰጥም የሚለውን ገሠጸ። በአሜሪቃ ባለጠጋው ስለ ገንዘቡ ሲከራከር፥ በኢትዮጵያ ስለ ሕሊናዋ የተጠየቀችው ደመወዝተኛዪቱ ነርስ ናት።

ይህም የሆነበት ምክንያት አለው። በአዲስ አበባ ምሥራቅ በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉት ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ደመወዛቸውን ከአሠሪው ይቀበላሉ፤ መድኃኒቱ ግን በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ስለዚህ የአሠሪው እምነት በመካከል አልገባም። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ ቁጥር 690 አሠሪና ሠራተኛ በአንድነት እንዲያዋጡ ደንግጓል። ሥራ ላይ መዋሉ ለብዙ ዓመት ቢዘገይም፥ በዚህ መንገድ የአሜሪቃ ጥያቄ ወደ ቦሌ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ተጠያቂው የፋብሪካ ጌታ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም በትምህርት ቤቶቿና በክሊኒኮቿ አሠሪ ናትና።

ቅዱሳት መጻሕፍት የሠራተኛውን ዋጋ መያዝ ኀጢአት መሆኑን አጥብቀው ይናገራሉ። የመድን መዋጮም የድካሙ ዋጋ ክፍል ነው፤ ከተከፈለ በኋላ የከፋዩ ገንዘብ አይደለም። መድኃኒቱን በገዛ እጇ የምትሰጠው ነርስ ግን ከከፋዩ ይልቅ ለሥራው ቅርብ ናት። ስለዚህ ሕግ ለሩቁ ከሚራራ ለቅርቧ ቢራራ፥ ፈላጊዪቱም ባዶ እጇን እንዳትመለስ ሌላ ሰጪ ቢያዘጋጅላት ለፍትሕ ይቀርባል። የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ማስተማር ነው፤ ትምህርትም ጆሮን ይከተላል እንጂ ደመወዝን ተከትሎ ከሠራተኛ ቤት አይገባም።