የሕፃናት ዕድገት ከፅንስ እስከ ትምህርት ዕድሜ፤ የቡታጅራ መዝገብ ታሪክና ለትምህርት ቤት ያለው ትርጉም

አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል በሚገባበት ዕለት መምህሩ ስሙን በመዝገብ ላይ ያሰፍራል። ለትምህርት ቤቱ የልጁ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያች ዕለት ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ከዚያ አስቀድሞ ዘጠኝ ወር በእናቱ ማኅፀን፣ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ደግሞ በቤተሰቡ መካከል ኖሯል። የአካሉ ጥንካሬ፣ የአንደበቱ መፍታትና ከሰው ጋር የመግባባት ልማዱ መሠረት የሚይዙት በዚሁ ዘመን ውስጥ ነው። በአገራችን ይህ የዕድሜ ክፍል በጽሑፍ ሳይመዘገብ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ከፅንስ ጀምሮ በተከታታይ ከተመዘገበባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ በጉራጌ ምድር የሚገኘው የቡታጅራ ከተማና አካባቢው ነው።

1. የመዝገቡ አመጣጥ

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ፣ ወልቂጤ ደግሞ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቆረቆሩ የገበያ ከተሞች ናቸው። ሁለቱም እንሰት በሚተከልበት ገጠር የተከበቡ ስለሆኑ፣ የከተማው ትምህርት ቤት ጉዳይ ከገጠሩ ኑሮ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል፣ በስዊድን አገር ከሚገኘው የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን አቋቋመ። ለሥራው ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመረጡ። መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍልሰትን ይጽፉ ጀመር። የመጀመሪያው ዓላማ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ማወቅ ነበር። በዚያ ዘመን የመተንፈሻ አካላት ሕመምና ተቅማጥ ከዋነኞቹ ገዳዮች መካከል መሆናቸው ታውቋል። የሕፃን ሕይወት ጥያቄ በቅድሚያ የመትረፍ ጥያቄ ነበረና፣ ትምህርት ገና አልተነሣም።

2. ከመወለድ በፊት

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው ከ1997 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1998 ዓ.ም. አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። በመዝገቡ ክልል ውስጥ የመውለጃቸው ወራት የተቃረበ 1065 ነፍሰ ጡሮች በጥናት ታቀፉ። ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ሐሳባቸውና ስለ ድካማቸው ተጠየቁ፤ የሚወልዷቸውም ልጆች ዕድሜያቸው ለትምህርት እስኪደርስ ድረስ ክትትሉ ቀጠለ።

የመጀመሪያው ውጤት ሊጤን የሚገባው ነው። በእርግዝናቸው ጊዜ ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ምጣቸው ይረዝም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩበትም ሰዓት ይዘገይ ነበር። የሕፃኑ የልደት ክብደት ግን ከጭንቀቱ ጋር ተያይዞ አልተገኘም። ስለሆነም ሲወለድ ክብደቱ የተሟላ ሕፃን ሁሉ ከችግር ነፃ ሆኖ ተወልዷል ማለት አይቻልም።

3. ከልደት እስከ ሦስት ዓመት

በዚህ ደረጃ ልጅ ይቀመጣል፣ ይድኻል፣ ይቆማል፣ ቃል ያወጣል። በቡታጅራ ሕፃናት ላይ የተደረገው የዕድገት መለኪያ ከውጭ አገር የመጣ በመሆኑ ለአካባቢው ኑሮ እንዲስማማ ተደርጎ ተሻሽሏል። ልጅ አይቶት በማያውቀው ዕቃ ቢፈተን የሚለካው ችሎታው ሳይሆን እንግዳነቱ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የቁመት ዕድገት ነው። በስድስተኛው ወር ከሕፃናቱ 26.7 በመቶ ቀንጭረው ተገኙ፤ በአሥራ ሁለተኛው ወር ቁጥሩ ወደ 48.1 በመቶ ከፍ አለ። በስድስት ወር ውስጥ ችግሩ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህ ጊዜ የእናት ጡት ብቻውን የማይበቃበት፣ ተጨማሪ ምግብ የሚጀመርበት ወቅት ነው። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ገንቢ ንጥረ ነገሩ አነስተኛ ስለሆነ፣ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል ወይም ጥራጥሬ ካልታከለበት ለሚያድግ ሕፃን አይበቃም። በዚህ ወቅት የጎደለው ዕድገት በኋላ በማስተማሪያ ዘዴ ብቻ የሚካስ አይደለም።

4. ከአራት እስከ ስድስት ዓመት

ለዚህ ዕድሜ ኅብረተሰቡ ከጥንት ጀምሮ የቄስና የቁርኣን ትምህርት ቤቶች ነበሩት። ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት በ1890ዎቹ በድሬዳዋ፣ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ለመጡ የውጭ አገር ሰዎች ልጆች እንደተከፈተ ይነገራል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በከተማ ቀበሌዎች አማካይነት ተስፋፋ፤ ገጠሩን ግን እምብዛም አልደረሰም።

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከፅንስ እስከ ሰባት ዓመት ያለውን ዘመን እንደ አንድ አካል ተመለከተው። ወላጆችን ማስተማር፣ የጤናና የማነቃቃት አገልግሎት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ እንዲሁም በኅብረተሰቡ ውስጥ የሚካሄድ የትምህርት ዝግጅት አራቱ ምሰሶዎች ሆኑ። በሥራ ላይ ፈጥኖ የታየው ግን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ የተከፈተው «ኦ ክፍል» ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያለው ደረጃ ለጤናው ዘርፍ ተትቶ ቀረ ማለት ይቻላል።

5. በትምህርት ዕድሜ

በ1998 ዓ.ም. አካባቢ የተወለዱት የቡታጅራ ልጆች በ2006 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በተጠኑ ጊዜ፣ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ እናቶቻቸው በተደጋጋሚ በመንፈስ ጭንቀት የተጠቁባቸው ልጆች ከትምህርት ገበታ መቅረትና ማቋረጥ በዝቶባቸው ተገኘ። በፈተና ውጤት ረገድ ግን እንዲህ ያለ ዝምድና አልታየም። ይህ ዝምድና እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ቢሆንም መምህርን ሊያስተምር ይችላል። ልጁ የጎደለው ችሎታ ሳይሆን በየዕለቱ አዘጋጅቶ የሚልከው ጤነኛ ቤት ሊሆን ይችላልና።

በጉራጌ ልጆች ለንግድና ለሊስትሮ ሥራ ወደ አዲስ አበባ የመሄዳቸው ነገር የቆየ በመሆኑ፣ ማቋረጥ ሁሉ ለዚሁ ሲሰጥ ይሰማል። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም። ከአንዳንዱ ባዶ ወንበር በስተ ጀርባ ከስምንት ዓመት በፊት የጀመረ የእናት ሕመም አለ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ተግባራት ይወጣሉ። አንደኛ፣ መምህሩ የቀሪ መዝገቡን ለቅጣት ብቻ ሳይሆን ለምልክት ሊያነብበው ይገባል፤ ቀሪው የተደጋገመ ልጅ ቤቱ ቢጎበኝና እናቱ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ቢደረግ ወቀሳ ከሚያስገኘው የላቀ ውጤት ይገኛል። ሁለተኛ፣ ዕቅድ አውጪው በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ አዲስ ክፍል ሲያቅድ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ልጁ ክትባት፣ ዕድገትና ሕመም የምታውቀው ነገር በምዝገባ ጊዜ ለትምህርት ቤቱ የሚተላለፍበትን መንገድ አብሮ ማቀድ አለበት። ዛሬ የጤናው መዝገብ በአንድ ቢሮ፣ የትምህርቱ መዝገብ በሌላ ቢሮ ይቀመጣል፤ በሁለቱም ውስጥ የተጻፈው ልጅ ግን አንድ ነው።