የጋዜጠኝነት ትምህርት በኢትዮጵያ

የጋዜጠኝነት ትምህርት በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ «ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን» በሚል ስያሜ በመጀመሪያና በድኅረ ምረቃ ዲግሪ የሚሰጥ የትምህርት ዘርፍ ነው። ጋዜጠኝነት እንደ ሕክምና ወይም ጥብቅና የግል የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስላልሆነ፣ በሌላ ትምህርት የተመረቁ ሰዎችም በዜና ክፍሎች ይሠራሉ። በአንጻሩ ከጋዜጠኝነት ተመራቂዎች ብዙዎቹ የሚቀጠሩት ከዜና ክፍል ውጭ ነው።

አመጣጥ

አዲስ ዘመን ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. ሲመሠረትም ሆነ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር፣ በአገሪቱ ጋዜጠኝነትን በዲግሪ የሚያስተምር ተቋም አልነበረም። ሙያው የሚለመደው ከቀደምት አዘጋጆች ሥር ሆኖ በመሥራት ሲሆን፣ ጥቂቶች ውጭ አገር ተምረዋል። በአዲስ ዘመን ላይ የአንባቢያንን ጥያቄ በሚመልስበት «አንድ ጥያቄ አለኝ» በተሰኘው ዓምዱ የታወቀው ጳውሎስ ኞኞ፣ መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። በዓሉ ግርማ ደግሞ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት አጥንቶ ተመልሷል፤ እሱም በአዲስ ዘመን በአዘጋጅነት ሠርቷል።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ወጥቶ የግል ጋዜጦች ሲበዙ የሠለጠነ ባለሙያ እጥረት ጎልቶ ታየ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ተቋም ተቋቋመ፤ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። ዩኒቨርሲቲው በ1990ዎቹ አጋማሽ በኖርዌይ ድጋፍ የማስተርስ ትምህርት ጀመረ። ባሕር ዳር፣ መቐለ፣ ሐዋሳና ጅማን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎችም የትምህርት ክፍሉን ከፍተዋል።

ትምህርቱ

ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶችን ወስደው ከዚያ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይመደባሉ። የዜና አጻጻፍ፣ አርትዖት፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ ፎቶ ጋዜጠኝነት፣ የሚዲያ ሕግና ሥነ ምግባር፣ እንዲሁም የሕዝብ ግንኙነት ከዋና ዋና ኮርሶች ይመደባሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለመመረቅ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ነው።

ዋናው ችግር የቋንቋ ነው። የሚማሩት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ሲሆን የሚሠሩት ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ነው። ልዩነቱ ከቃላት ትርጉም ያልፋል። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «አስታወቀ» ወይም «ገለጹ» እስኪባል ድረስ የሬዲዮ አድማጭ የሰማው መረጋገጡን ወይም የአንድ ወገን አባባል መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ተናጋሪውን አስቀድሞ መጥራትና ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር ያስፈልጋል። አክብሮትም አለ፦ የእንግሊዝኛው ግሥ አንቱታን አይለይም፤ የአማርኛ ዘጋቢ ግን ስለ አንድ ተጠርጣሪ ሲጽፍ «ተናገረ» ወይም «ተናገሩ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ አለበት። ገና ያልተፈረደበትን ሰው «አንተ» ማለት በራሱ ፍርድ ሊመስል ይችላል። ከእንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ የማይገኘውን ይህን ጉዳይ ብዙዎች የሚማሩት ከተቀጠሩ በኋላ ነው።

የሥራ ዘርፎች

የተለመደው መነሻ ዘጋቢነት ነው፤ ከዚያ ወደ አዘጋጅነትና ዋና አዘጋጅነት ይታደጋል። ከመንግሥት ቀጣሪዎች መካከል የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት፣ የክልል ሚዲያዎች፣ እንዲሁም አዲስ ዘመንን፣ ሄራልድን፣ በሪሳንና አል ዓለምን የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት ይገኛሉ። ከግሎቹ ሪፖርተር ጋዜጣና በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ሸገር ኤፍኤም ይጠቀሳሉ። ከውጭ ደግሞ የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ክፍልና በ2010 ዓ.ም. የተከፈተው ቢቢሲ አማርኛ አሉ።

ሰፊው የሥራ በር ግን የሕዝብ ግንኙነት ወይም የኮሙኒኬሽን ክፍል ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እስከ ወረዳ ድረስ ያሉ ጽሕፈት ቤቶችም ባለሙያ ይፈልጋሉ። መጠየቅን የተማረው ሰው እዚያ መልስ ሰጪ ይሆናል፤ መግለጫ ያዘጋጃል፣ ዝግጅቶችን ይቀርጻል፣ የተቋሙን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ይመራል።

ለዚህ ምርጫ ምክንያቱ ደመወዝ ብቻ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም በሚዲያ አማካይነት ወንጀል ፈጽሟል የተባለ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይደነግጋል። ሆኖም ከአዋጁ በኋላም ጋዜጠኞች ክስ ሳይመሠረትባቸው ለሳምንታት ታስረዋል፤ አንዳንዶችም ከአገር ወጥተው ሥራቸውን በስደት ቀጥለዋል።