የእቴጌ መነን ዘውድና ትምህርት ቤት

እቴጌ መነን አስፋው በ1883 ዓመተ ምሕረት በወሎ፥ በአምባሰል ተወለዱ። እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን አገቡ፤ እርሳቸውም በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ በዚያው ቀን አብረው ዘውድ ጫኑ።

ብዙም ሳይቈዩ በአዲስ አበባ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር የቅድስት ሥላሴን ገዳም አሠርተዋል፤ ሴት ልጅ ፊደል ትቍጠር ማለት ለብዙው ሰው ትርፍ ነገር በነበረበት ዘመን ግን ይህ ትምህርት ቤት ከዚያ የማያንስ ምጽዋት ነው ቢባል ድፍረት አይሆንም።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት ገባ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እሳቸውም ተሰደዱ። በስደትም ሳሉ በቤተ ልሔም በጌታ ልደት ቤተ ክርስቲያን ቆመው፥ አገራቸው ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን ሊሰጡ ለእመቤታችን ተሳሉ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ስእለቱን አላስቀሩም፤ ያንኑ የነገሡበትን ዘውድ ወደ ቤተ ልሔም ሰደዱት። ለኋለኞች እቴጌዎች አምሳያው ቢሠራም፥ እሳቸው ከዚያ ወዲያ ሙሉ ዘውድ በራሳቸው ላይ አልጫኑም።

ትምህርት ቤቱ ዳግመኛ ተከፈተ። የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ ሴቶች ተምረው ወጥተውበት ነበር።