የመጨረሻው ሸክላ

ቢትልስ መጨረሻ የሠሩት አልበም የትኛው እንደሆነ የሙዚቃ ወዳጆችን ብትጠይቁ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ ወገን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 8 ቀን 1970 ገበያ ላይ የዋለውን «ሌት ኢት ቢ»ን ይጠራል። ሌላው ወገን ከሰባት ወር በላይ ቀድሞ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1969 የወጣውን «አቢ ሮድ»ን ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። «ሌት ኢት ቢ» ላይ የምንሰማው በአብዛኛው ጃንዋሪ 1969 የተቀዳ ነው፤ «አቢ ሮድ» ግን በዋናነት የዚያው ዓመት የጁላይና የኦገስት ሥራ ነው። ቀድሞ የተቀዳው ኋላ፣ ኋላ የተቀዳው ቀድሞ ወጣ።

ነገሩ የቀን ቆጠራ ብቻ አይደለም። ሁለቱን ቀረጻዎች ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ ሊበተን የተቃረበ ባንድ እንዴት ሥራ እንደሚሠራና እንዴት ሥራ እንደሚያቅተው ይረዳል። ሰዎቹ ያው አራቱ ናቸው፤ ዓመቱም ጠቡም ያው ነው። አንዱ ሥራ ግን ባለቤት አጥቶ ከአንድ ዓመት በላይ ሲንከራተት፣ ሌላው በሰዓቱ አልቆ እስከ ዛሬ ይደመጣል።

ቢትልስ ትኬት ለቆረጠ ሕዝብ መጫወት ያቆሙት ኦገስት 29 ቀን 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ካቀረቡት ኮንሰርት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሏቸው ስቱዲዮ ሆነ። በዓመቱ ማኔጀራቸው ብራያን ኤፕስታይን ሞተ፤ ገንዘባቸውን የሚይዝላቸውንና ሲጋጩ መሃል የሚገባውን ሰው አጡ። በ1968 «ኋይት አልበም» እየተባለ የሚጠራውን ድርብ ሸክላ ሲቀርጹ ውስጥ ለውስጥ ሲብላላ የቆየው ፈነዳ። የድምፅ መሐንዲሳቸው ጄፍ ኤመሪክ ጭቅጭቁ ቢመረው ሥራውን ጥሎ ወጣ። ድራመሩ ሪንጎ ስታርም ኦገስት ላይ ባንዱን ለቆ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ተመለሰ።

ፖል ማካርትኒ መድኃኒቱ እንደ ድሮው መጫወት ነው አለ። ድምፅ በድምፅ ላይ ሳይደራርቡ፣ አራቱም ፊት ለፊት ቆመው እንዲጫወቱና ልምምዱም በፊልም እንዲቀረጽ ታሰበ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1969 ለንደን ዳርቻ ትዊክንሃም ያለው የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቦታው ሰፊና ብርዳም ነበር፤ ሌሊት መሥራት የለመዱት ሙዚቀኞች በፊልም ሠሪዎቹ ሰዓት በጠዋት መገኘት ነበረባቸው። ካሜራው አይነቀልም። ዳይሬክተሩ ማይክል ሊንድሴ ሆግ መጨረሻ ላይ የሚቀርበው ኮንሰርት የት ይሁን ይላል፤ የሚስማማ የለም። ልምምዱን የሚመራ ፕሮዲውሰርም በግልጽ አልተሰየመም። ጆርጅ ሃሪሰን በዚያ ሰሞን «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ»ን የመሰለ ዘፈን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ደጋግመው ተለማምደውት ተዉት። በኋላ ብቻውን ሆኖ ላወጣው ባለ ሦስት ሸክላ አልበም ስም የሆነው ይኸው ዘፈን ነው። ጃንዋሪ 10 ቀን ጆርጅ ጊታሩን አስቀምጦ ወጣ።

የተመለሰው ትዊክንሃምን ለቀው ሳቪል ሮው ወደሚገኘው የኩባንያቸው የአፕል ሕንፃ ምድር ቤት ለመግባት ሲስማሙ ነው። እዚያ ተሠራ የተባለው ስቱዲዮ ለሥራ የማይሆን ስለነበር መሣሪያ ከሪከርድ ኩባንያቸው ከኢኤምአይ በውሰት መጣ። ጆርጅ አንድ ብልህ ነገር አደረገ፤ አሜሪካዊውን የኪቦርድ ተጫዋች ቢሊ ፕሬስተንን ይዞ ገባ። እንግዳ የተቀመጠበት ቤት ባልና ሚስት ድምፃቸውን እንደሚቀንሱ፣ አራቱም አደብ ገዙ፤ ሙዚቃውም ነፍስ ዘራ። ጃንዋሪ 30 ቀን ጣሪያ ላይ ወጥተው 42 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ፣ ፖሊስም መጣ። በማግስቱ የቀሩትን ዘፈኖች ቀድተው ተበተኑ። የተቆለለውን ቴፕ አጣርቶ አልበም እንዲያደርገው ለመሐንዲሱ ግሊን ጆንስ ሰጡት፤ ሠርቶ ያመጣላቸውን ግን አልተቀበሉትም።

በዚህ መሃል የገንዘቡ ጉዳይ ሆድና ጀርባ አደረጋቸው። ጆን ሌነን፣ ጆርጅና ሪንጎ የኒው ዮርኩን አለን ክላይን ማኔጀር አድርገው መረጡ። ፖል አዲስ ያገባት የሊንዳ ኢስትማን አባትና ወንድም ጉዳዩን እንዲይዙለት ስለፈለገ አልፈርምም አለ። ያንኑ ዓመት የጆንና የፖል ዘፈኖች ባለመብት የነበረው ኩባንያ በሌሎች እጅ ገባ። ሁለቱ የጻፉትን ዘፈን በራሳቸው እጅ ማስቀረት አልቻሉም።

ታዲያ እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዴት «አቢ ሮድ»ን ሠሩ? ፍቅር ተመልሶ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። የተመለሰው የሥራ ሥርዓት ነው። ፖል ወደ ቀድሞው ፕሮዲውሰራቸው ወደ ጆርጅ ማርቲን ሄዶ አንድ አልበም እንዲሠራላቸው ጠየቀው። ማርቲን እንደ ድሮው እኔ የምመራው ከሆነ፣ ሁሉም፣ ጆንም ጭምር፣ ከተስማማ እሠራለሁ አለ። ተስማሙ። ጥሎ የሄደው ኤመሪክም ተመለሰ። ቦታው የለመዱት የሴንት ጆንስ ዉድ ስቱዲዮ ነበር፤ በውሰት መሣሪያና በካሜራ ፊት የሚሠራ ነገር ቀረ። ስቱዲዮው ባለ ስምንት ትራክ መቅጃና በትራንዚስተር የሚሠራ አዲስ ሚክሰር አስገብቶ ነበር። ከቀድሞዎቹ አልበሞች ጋር አስተያይታችሁ ብትሰሙት የድራሙ ድምፅ ለስለስ፣ የቤዙም ሞላ ያለው በከፊል በዚህ ሚክሰር ምክንያት ነው።

ጆን መጀመሪያ ላይ አልነበረም። ጁላይ 1 ቀን ስኮትላንድ ውስጥ የመኪና አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ተኛ። ወደ ስቱዲዮ ሲመለስ በአደጋው አብራው የተጎዳችው ባለቤቱ ዮኮ ኦኖ ገና ስላልዳነች አልጋ ተዘረጋላት፤ የምትለው እንዲሰማም ማይክራፎን ከላይዋ ተሰቀለላት። ሌሎቹ ቅር ቢላቸውም ሥራው አልቆመም። ይህ ነው ከጃንዋሪው የሚለየው፤ ቅሬታው እያለም የሚቀጥል ሥራ ነበር።

ለጆርጅ ይህ አልበም የካሳ ያህል ነው። ሚያዝያ አካባቢ ከአፕል የስብሰባ ጭቅጭቅ አንድ ቀን ሸሽቶ ወዳጁ ኤሪክ ክላፕተን ቤት ሄደ፤ በግቢው አትክልት መሃል ጊታር ይዞ ሲንጎራደድ «ሂር ካምስ ዘ ሰን»ን ጻፈ። «ሰምቲንግ»ም የእሱ ነው፤ የጆርጅ ሥራ የቢትልስ ነጠላ ሸክላ ዋና ገጽ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። በዓመታት ውስጥ በአልበም አንድ ሁለት ዘፈን ሲመደብለት የኖረ ሰው፣ ባንዱ ሊበተን ሲል ከሁለቱ ታላላቅ ደራሲዎች እኩል ቆመ። ትንሽ ቀደም ብሎ ቦታ ቢሰጡት ኖሮ እላለሁ ሁልጊዜ።

ጆንና ፖል አልበሙ ምን መምሰል እንዳለበት አልተስማሙም። ጆን እያንዳንዱ ዘፈን ለብቻው እንዲቆም ፈለገ፤ ፖልና ማርቲን ዘፈኖቹ እየተያያዙ የሚፈሱበት ረጅም ቅንብር አሰቡ። ማርቲን ለሁለቱም ቦታ አገኘላቸው። የመጀመሪያው ገጽ በጆን ከባድ ዘፈን በ«አይ ዋንት ዩ» ይዘጋል። ጊታሩ እየተደጋገመ፣ የነፋስ የመሰለው ጩኸት እየጨመረ ሄዶ ድንገት፣ ምት መሃል ላይ፣ ጸጥ ይላል፤ ጆን ኤመሪክን ቴፑን እዚያው ጋ እንዲቆርጠው ስላዘዘው ነው። ሁለተኛው ገጽ 16 ደቂቃ ያህል በሚዘልቀው ተከታታይ ቅንብር ይሞላል። የቅንብሩ መክፈቻ ፖል ስለ ገንዘብ ጭቅጭቁ የጻፈው ዘፈን ነው። ሲጣሉበት የዋሉትን ወረቀት ማታ ዘፈን አደረጉት ማለት ነው።

በዚያ ገጽ ላይ ሁለት ቦታዎችን ደጋግማችሁ ብትሰሙ እወዳለሁ። አንደኛው «ቢኮዝ» ነው። ጆን፣ ፖልና ጆርጅ ሦስት ድምፅ ተካፍለው አብረው ዘፈኑ፤ በላዩም ሁለት ጊዜ ደግመው ቀዱት፣ ዘጠኝ ድምፅ ሆነ። እርስ በርስ በጠበቃ የሚነጋገሩ ሰዎች ትንፋሻቸው እንኳ አንድ ላይ ይገባል፣ አንድ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው «ዘ ኤንድ» ነው። ሪንጎ በቢትልስ ሸክላ ላይ ብቸኛውን የድራም ሶሎ ይመታል፤ ከዚያ ሦስቱ ጊታር እየተቀባበሉ ሁለት ሁለት ባር ይጫወታሉ። መጀመሪያ ፖል፣ ቀጥሎ ጆርጅ፣ ከዚያ ጆን፤ ዙሩ ሦስት ጊዜ ይሄዳል። የፖል ዝላይ አለው፣ የጆርጅ ዜማውን እያለሰለሰ ይጎትታል፣ የጆን ሻካራና ቁጡ ነው። ስማቸው ሳይነገራችሁ ማን ማን እንደሆነ ትለያላችሁ። ተራው ሲደርስ አንዱም ከሌላው አይነጥቅም።

ከ«ዘ ኤንድ» በኋላ ያለችው አጭር ዘፈን የመጣችው በአጋጣሚ ነው። ፖል «ኸር ማጀስቲ»ን ከቅንብሩ መሃል አውጥታችሁ ጣሉት አለ። ወጣቱ ረዳት መሐንዲስ ጆን ከርላንደር ግን የቢትልስ ቴፕ ፈጽሞ እንዳይጣል ታዝዞ ስለነበር ባዶ ቴፕ አስቀድሞ ከጥቅልሉ ጫፍ ላይ ቀጠላት። ሲያዳምጧት ፖል ወደዳትና እዚያው ቀረች። ከመሃል የተቆረጠች መሆኗ ዛሬም ይሰማል፤ የቀደማት ዘፈን የመጨረሻ ምት ፊቷ ላይ ተለጥፏል፣ የራሷ የመጨረሻ ምት ግን የለም።

ለአልበሙ «ኤቨረስት» የሚል ስም ታስቦ ነበር፤ ኤመሪክ የሚያጨሰው ሲጋራ ስም ነው። ሂማላያ ድረስ ሄዶ ፎቶ መነሣት ግን ማንም አልፈለገም። ኦገስት 8 ቀን ከስቱዲዮው በር ወጥተው አቢ ሮድ የተባለውን መንገድ ተሻገሩ፤ ፎቶ አንሺው ኢየን ማክሚላን መሰላል ላይ ቆሞ ስድስት ጊዜ አነሣቸው፣ አንድ ፖሊስም መኪና አቆመላቸው። ኦገስት 20 ቀን ደግሞ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ለመጨረስ አራቱም ስቱዲዮ ገቡ። ከዚያ በኋላ አራቱ አንድ ላይ ስቱዲዮ ውስጥ አልተገናኙም።

አልበሙ ሳይወጣ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን፣ ጆን ባንዱን ለቅቄያለሁ አላቸው። ክላይን ከሪከርድ ኩባንያው ጋር የተሻለ ውል እየፈጸመ ስለነበር ወሬው እንዳይወጣ ተደረገ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1970 ሦስቱ ያለ ጆን ለፊልሙ የጎደለውን «አይ ሚ ማይን»ን ቀዱ። ከዚያ የተረሳው የጃንዋሪ 1969 ቴፕ ለአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ለፊል ስፔክተር ተሰጠ። ስፔክተር ምንም ሳይደረብበት ይሠራ በተባለው ሙዚቃ ላይ ኦርኬስትራና የሴቶች ኅብረ ድምፅ ጫነበት። ኤፕሪል 1 በተደረገው በዚያ ቀረጻ ከቢትልስ የተገኘው ሪንጎ ብቻ ነው። ፖል የራሱ ዘፈን «ዘ ሎንግ ኤንድ ዋይንዲንግ ሮድ» ምን እንደሆነ ሲሰማ እንዲቀነስለት ለክላይን ጻፈ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለ። በዓመቱ መጨረሻ፣ ዲሴምበር 31 ቀን፣ ሽርክናው እንዲፈርስ ለንደን ፍርድ ቤት ክስ ሲመሠርት ይህንንም አንዱ ምክንያት አደረገው። በ2003 ኦርኬስትራው የተነሣለት ቅጂ ሲወጣ ፖል ልክ እንደነበረ አየሁ፤ ፒያኖውና ድምፁ ብቻቸውን ይበቁ ነበር።

የሌሎችንም በአጭሩ ልንካ። የስዊድኑ ባንድ አባ «ዘ ቪዚተርስ»ን በ1981 ስቶክሆልም በራሳቸው ስቱዲዮ በፖላር ሲቀርጹ፣ ቢዮርንና አግኔታ ከተፋቱ ቆይተዋል፤ ቤኒና ፍሪዳም መለያየታቸውን ያስታወቁት በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ነው። ቀረጻው ከአንድ ወር በኋላ ተጀመረ። ስቱዲዮው አዲስ ዲጂታል መቅጃ አስገብቶ ነበር፤ የአልበሙ ጥርት ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ድምፅ ከዘፈኖቹ ስሜት ጋር ገጠመ። ቢዮርን የቤኒንና የፍሪዳን መለያየት ግጥም አድርጎ አምጥቶ ፍሪዳ ራሷ ዘፈነችው። ለአርባ ዓመት የመጨረሻቸው ሆኖ ቆየ፤ በ2021 አራቱ ተመልሰው ሌላ አልበም አወጡ።

ፖሊስ የተባለው ባንድ «ሲንክሮኒሲቲ»ን ለመቅረጽ በ1982 መጨረሻ ካሪቢያን ውስጥ ወዳለችው ሞንሰራት ደሴት ሄደ። የስቱዲዮው ባለቤት ጆርጅ ማርቲን ነበር። ስቲንግ፣ አንዲ ሰመርስና ስቱዋርት ኮፕላንድ እርስ በርስ መተያየት ስላስቸገራቸው ሦስት ክፍል ገቡ፤ ድራሙ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ጊታሩ ዋናው አዳራሽ፣ ስቲንግ ደግሞ መሐንዲሱ ሂው ፓጃም ያለበት ክፍል። ነገሩ ሲከር ሰመርስ እዚያው ደሴት ላይ ወደ ማርቲን ቤት ሄዶ ገብቶ እንዲመራላቸው ጠየቀው። ማርቲን እናንተው ጨርሱት ብሎ መለሰው። እነሱም ጨረሱት፤ አልበሙ ጁን 1983 ወጣ፣ «ኤቭሪ ብሬዝ ዩ ቴክ»ም አሜሪካ ውስጥ ስምንት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በ1986 ሌላ አልበም ለመሥራት ስቱዲዮ ሲገቡ ኮፕላንድ ከፈረስ ወድቆ አጥንቱ ስለተሰበረ ድራም መምታት አልቻለም፤ አንድ የቆየ ዘፈናቸውን እንደገና ሠርተው ተለያዩ። በ2007 ተገናኝተው ዓለምን ዞሩ። ስታዲየሞቹ ሞሉላቸው፤ ሌላ አልበም ግን አልሠሩም።